ከጨረቃ የተረፈ

ተንደር ቤይ፣ ከሐይቁ ዳር፣ ከቦውሊንግ ቤቱ ጓሮ፣
አንድ ሳጥን ቆሞ ነበር፣ ሆዱ በሳንቲም ተወጥሮ።
«የድልድዩ ማዶ» ይላል፣ ግንባሩ ላይ በቀይ ቀለም፤
ያኔ ከሱ የሚበልጥ ጨዋታ በከተማው አልነበረም።

ሞተረኛዋ ደብዳቤ በደረቷ ይዛ፣
ሳንቃው ከኋላዋ ሲረግፍ ወደ ፊት ተመዝዛ፣
ሰባት ተኩላ እያባረራት፣
በረዶ ፊቷን እየገረፋት፣
ሙሉ ጨረቃ ከላይ፣ ቢጫ፣ እንደ እንቁላል አስኳል፣
የሄደችበት ሁሉ አብራት ስትንከባለል።

ኤይላ ላምፒነን፣ ሃያ ስድስት ዓመቷ፣
ጫማዋ በረዶ የጠገበ፣ ምድር ቤት ነው ቤቷ።
ከቶሮንቶ ደብዳቤ መጣ፤ ሦስት መስመር፣ የደረቀ፦
«ለቤት ኮምፒውተር ይሁን፤ በካሴት፤ ከገና በፊት ያለቀ።»

ኮዱን ላኩልኝ አለች። የለም።
ሥዕሉንስ? የለም።
የላኩላት ሳንቲም ነው፤
አንድ ከረጢት ሙሉ ሳንቲም፣
«ተጫውተሽ ድረሺበት» ከሚል ብጣሽ ወረቀት ጋር።

ወንድሟ ቬይኮ ይጫወታል፤ እሷ ከጎኑ ቆማ ትቆጥራለች፤
ባለ ካሬ ደብተር ላይ ተኩላውን በነጥብ ትስላለች።
በስንት እርምጃ ይዘላል? ስንተኛው ሳንቃ ነው የሚሰበር?
ቬይኮ ሲሞት «ድገም!» ትላለች፤ ሌላ ሳንቲም፣ ሌላ ቁጥር።

አርባ ስምንት ኪሎባይት!
ግመሉን በመርፌ ቀዳዳ አሹልኪው ማለት ነው።
እሷ መርፌውን አልረገመችም፤
የግመሉን ሻኛ ቆረጠች።

ሰባቱ ተኩላ ሦስት ቀሩ፤ እነሱም ይብለጨለጫሉ፤
አንዱ ሲታይ ሁለቱ ተራ ጠብቀው ይጠፋሉ።
በረዶው ቀረ፤ በዚያ ከተማ በረዶ ሲቀር የመጀመሪያው ሆነ፤
ሙዚቃው ቀረ፤ የሞተር ሳይክሉም ግሣት የትንኝ ሲርታ ሆነ።
በመጨረሻ፣ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት፣
ጨረቃዋን ቆረጠች።
ካሴቱ በቃው። ተኛች።

ስድስት ደቂቃ ይጮኻል ካሴቱ፣ እንደ ዛገ መጋዝ፤
ልጁ ግን ንቅንቅ አይልም፣ ሾርባው ፊቱ እስኪቀዘቅዝ።

ይኸው እኔ ዛሬ፣ የአሮጌ ሳጥን ሐኪም፣
ሲምፕሰን መንገድ ሱቄ ውስጥ ሽቦ ስቀጥል፣ ብሎን ስለቅም፣
ያንኑ ሳጥን ከእርጥበት አፍ መንጥቄ አተረፍኩት፤
ተኩላውን፣ በረዶውን፣ ጨረቃውን፣ ሁሉንም አበራሁት።

አንድ ሰው ገባ፤ ጢሙ ሸብቷል፤ ዳሪል ቡሻር ነኝ አለ፤
የባቡር ሠራተኛ ኮፍያውን ሳጥኑ አናት ላይ ጣለ።
አንዴም ሳይሞት ድልድዩን ተሻገረ፤
እጁን ከዘንጉ አንስቶ ዝም ብሎ ቀረ።

«መስኮቱ የታለ?»
«የምን መስኮት?»
«ከማዶ ያለው ቤት፣ ግድግዳው ላይ። ቢጫ፣ ትንሽዬ ካሬ።
ደብዳቤው የሚደርሰው እዚያ ነው። መብራት አለ፤ ሰው አለ።
አባቴ የሌሊት ፈረቃ ሲገባ
ለዚያ መስኮት ስል ነበር የምሻገረው።
ሳጥንህ ተበላሽቷል፤ ጀርባውን ክፈተው።»

ከፈትኩት። አንድም ነገር አልተበላሸም።
ከማዶ ያለው ቤት ጨለማ ነው፤ ከፋብሪካ ሲወጣም መስኮት አልነበረውም።

ማታ ለኤይላ ደወልኩ። ጉልበቷን ያማታል፤ ምላሷ ግን ምላጭ ነው።
ሳቀች፤ ሳቋ ሳል ሆነ፤ ሳሉ መልሶ ሳቅ።
«መስኮት አልሣልኩም እኔ። ጨረቃዋን ስቆርጥ
አንዲት ቁራጭ ከመቀሱ አምልጣ
ግድግዳው ላይ ተለጥፋ ይሆናል።
ይሆናል እላለሁ እንጂ አይቻታለሁ።
ግን ዘጠኝ ሰዓት ነበር፤ እንቅልፌ መጣ።»

ይህን ለዳሪል አልነገርኩትም።
ቅዳሜ ከመምጣቱ በፊት ቢጫ ፕላስተር ቆረጥኩ፣ የጥፍር ያህል፤
ከመስታወቱ ላይ፣ በግምት፣ ቤቱ የሚቆምበት ቦታ ለጠፍኩ።
ጨዋታው ሲጀምር መስኮቷ
ባዶ ሰማይ ላይ ተንጠልጥላ ትቆያለች፣
ቤቷ እስኪደርስላት።

ዳሪል ተሻገረ። አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ፤ ዓይኑን አጠበበ።
«ትንሽ ወደ ግራ» አለኝ።