ሠላሳ ሦስት ቅጂ

ከቱርኩ ወንዝ ማዶ፣ ብስክሌት ከሚጠገንበት ጓዳ፣
ኅዳር በዘጠኝ ሰዓት ሲመሽ፣ በረዶው መስኮቱን ሲጎዳ፣
አራት ሆነን እንሰበሰባለን፣ ሐሙስ ሐሙስ፤
ኢልፖ፣ ራይሳ፣ ቱካ፣ እኔ፤ እጃችን ግራሶ፣ ጆሯችን ሱስ።

ነገራችን ስለ አንድ ሰው ነው፤ ራሱን «ቫልቮሞ» ያለ፣
«መቆጣጠሪያ ክፍል» እንደማለት፤ በወረቀት ፋብሪካ ፈረቃ የዋለ።
ዜማ የለው፣ ምት የለው፤ የተቀደደ ኤሌክትሪክ ነው፣
ከሥሩ ሰው የሚጮህበት፣ ቃሉን ግን ያልለየነው።
እኅቴ አንድ ቀን ሰምታ «ፍሪጁ ተበላሸ» ብላ ሶኬቱን ነቀለች።
አልተቀየምኳትም። እንዲያውም ከብዙ ሰው የተሻለ አዳምጣለች።

የመጀመሪያው ካሴት ሠላሳ ሦስት ቅጂ ብቻ ነበር፤
ኢልፖ «ሸክላም በደቂቃ ይህንኑ ያህል ይዞራል» ይላል፣ ቁጥር ሲመነዝር።
ሽፋኑ ብርጭቆ ወረቀት ነው፤ መደርደሪያ ላይ ጎረቤቱን ይልጣል፤
ዛሬ ዋጋው ከአንድ ወር የቤት ኪራይ ይበልጣል።

ሰውዬው ባዶ ካሴት መግዣ ሲያጣ፣ ከአሮጌ ዕቃ ተራ ለቀመ፣
የማያውቀውን ሰው ስብከት፣ የማያውቀውን ልደት፣ በጩኸት ደፍኖ አተመ።
ታዲያ በራይሳ ቅጂ፣ በቁጥር ዘጠኝ፣ ጩኸቱ ለአፍታ ሲተነፍስ፣
አንዲት ሴት ከሥር ትቆጥራለች፤ «አሥራ አራት፣ አሥራ አምስት»፤ ቀስ፣ ቀስ።
«ሹራብ እየሠራች ነው» ትላለች ራይሳ፤
«የመድኃኒት ጠብታ ነው» ይላል ኢልፖ፤
ቱካ ዝም፤ ጎማ ይነፋል።

ዘንድሮ ዳግም ታተመ። ሁለት ሸክላ፣ ቀለሙ ወርቅ፣
ታጥቦ፣ ታሽቶ፣ ባሱ ጎርንኖ፣ ሆድ የሚያናውጥ ከሩቅ።
ሴትዮዋ ግን የለችም።
አሥራ አራት በሚባልበት ቦታ ዝምታ አለ፤ አሥራ አምስት አልደረሰችም።

«ገደሏት» አለች ራይሳ።
«አጸዱት እንጂ!» ብሎ ኢልፖ ተነሣ፤
ሦስት ቅጂ ገዝቷል፣ ምን ያድርግ።
እኔ መሐል ቆሜ አየሁት፣ ያን ወርቅ የሚመስል ሸክላ፤
ወርቁ ከሰሙ ጋር ፈስሶ፣ ቀለሙ ነበር የቀረው ኋላ።

ከዚያ ወደ ኦሳካው ሥራ ዞርን፣ ከሺዙማ ጋር ወደ ሠራው፤
ስድስት ወር በፖስታ ተላልከው አንዱ ባንዱ ላይ ወደጮኸበት፣ ጉምሩክ ሁለቴ ወደፈታው።
ቀኝ ጆሮ ቱርኩ፣ ግራ ጆሮ ኦሳካ ነበር በፊት፤
አዲሱ እትም አገላብጦታል፤ ይህም አስነሣ ሌላ ሙግት።
ያን ጊዜ ቱካ ቀና አለና፣ «የቫልቮሞ ምርጥ ሥራ፣
ቫልቮሞ የሌለበት ጆሮ ነው።»
ከዚያ በኋላ ሳምንት ሙሉ ማንም ከማንም ጋር አላወራ።

በሚቀጥለው ሐሙስ በሩ ተከፈተ። ሽማግሌ፣ ኮቱ እርጥብ፣
ሰንሰለቱ የተበጠሰ ብስክሌት ይጎትታል፤ ጆሮው ሥር መስሚያ፣ የምታህል ንብ።
ስሙን ለደረሰኝ ጠየቅሁት፤ ጽፌ ሳልጨርስ እጄ ደረቀ፤
ከካሴቱ ጀርባ በእስክሪብቶ ያለው ስም ነው፤ ራይሳም ዐወቀች፣ ኢልፖም ዐወቀ።

«የቱ ነው ትክክለኛው?» አለችው። «ካሴቱ ነው ወይስ ሸክላው?»
መዳፉን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋ። «እኔ አሁን የማውቀው በዚህ ነው።
ከተንቀጠቀጠ፣ ያው ነው።»
«ሴትዮዋስ?»
«የቷ ሴት?»
ያኔ ቁጥር ዘጠኝን ከፈትንለት።

ድምፅ ማጉያውን አቅፎ ጎንበስ አለ። ጩኸቱ መጣ፤ ሄደ፤ ተነፈሰ፤
እኛ ሰማናት። እሱ ግን የእኛን ፊት ተራ በተራ አሰሰ።
«ስንት ደረሰች?»
ራይሳ በጣቶቿ ልታሳየው ሞከረች፤ ጣቶቿ አልበቁም።
አንድ እጄን ጨመርኩላት።

የሰንሰለቱን ከፍሎ ወጣ። ብስክሌቱን ግን አልጋለበም፤
በበረዶው ጎን ለጎን ሄዱ፣ እስከ ድልድዩ አየሁት፣ ዞር አላለም።
ኢልፖ ወርቃማዎቹን ሸክላዎች ቦርሳው ውስጥ ከተተ፤ ጉሮሮውን ጠራረገ፤
«ቁጥር ዘጠኝን… ለአንድ ሌሊት ብቻ?»
«አይታሰብም» አለችው።
ሐሙስን ግን አልከለከለችውም።