ነጩ ይረጋል

ሎድዝ ብለው ይጽፉታል፣ ዉች ብለው ይጠሩታል፤
«ጀልባ» ማለት ነው ይላሉ፤ ጀልባውን ማን አይቶታል?
ወንዙን ከመቶ ዓመት በፊት በጡብ ቱቦ ቀበሩት፣
አስፋልት ደፉበት ከላይ፣ ትራምም ነዱበት።

የሉድቪና እናት፣ ማቅለሚያ ቤት ያረጀች፣
ይህን ታወራ ነበር እጆቿን እያየች፦
«ቀይ በነከርን ለታ፣ ከከተማው ማዶ ወንዙ ቀይ ብቅ ይላል፤
አረንጓዴ ሲሆን፣ ዳክዬው ሳይቀር አረንጓዴ ለብሶ ይዋኛል።»

እኔ ካየታን ነኝ። ሥራዬን ሲጠይቁኝ
«ቧንቧ» ብዬ ስመልስ፣ ኩሽና እየወሰዱ የሚያፈስ አሳዩኝ።
የኔ ቧንቧ ሌላ ነው፤ በዚያው አሮጌ ፋብሪካ፣ ሦስተኛው ፎቅ ላይ፣
እንደ ፓስታ ቀጥኖ የሚተጣጠፍ፣ ከማሽን ሆድ የሚታይ።
ቀለም ከከረጢት ይነሣል፣ በማጣሪያ ያልፋል፣
ፓምፑ እየገፋው ከማተሚያው ራስ ይደርሳል፤
ከራሱ ሥር ቀዳዳ፣ ሺህ፣ ከፀጉር የቀጠነ፣
ጠብ ጠብ እያለ ካናቴራ ላይ ሥዕል የሆነ።

ጥቁሩ ጨዋ ነው። ቢጫው ወር ቢተውት አይከፋም።
ቀዩም ሰማያዊውም ከቱቧቸው ወጥተው አያውኩኝም።
ነጩ ነው ጣጣዬ።

ነጭ ማለት ውሃ ያዘለው ድንጋይ ነው፣ ዱቄቱ ከባድ፣
ትንሽ ዝም ካሉት ወደ ታች መውረድ የሚወድ።
ለዚህ ነው የሱ ቱቦ ሄዶ የሚመለሰው፣
ለዚህ ነው ፓምፑ ሌት ተቀን የሚያመላልሰው፤
ሳይታተም ይዞራል፣ ሳይፈለግ ይዞራል፣
ቆሞ የዋለ ለታ ጭቃ ሆኖ ይቀራል።

ጥቁር ጨርቅ ላይ ደግሞ ቀድሞ የሚነጠፈው እሱ ነው፤
ቀዩ ቀይ የሚመስለው ነጩ ከሥሩ ተኝቶለት ነው።
ደንበኛው «እንዴት ያለ ቀይ!» ይላል፤ ነጩን የሚያይ የለም፤
ከሥር የተነጠፈን ማንም አያመሰግንም።

የጥር መጨረሻ፣ ዓርብ ማታ፣ በረዶ ሽቦ በጠሰ፣
መብራት ጠፋ፤ ፓምፑ እንደ ሰው አንዴ ተነፈሰ፣
ዝም አለ።
እኔ ኩትኖ ነኝ፣ አማቶቼ ጋ፣ መንገድ ተዘግቶብኝ፤
የትራም ነጂዎች መዘምራን ሁለት መቶ ጥቁር ካናቴራ ለሰኞ ቀጥረውኝ።
ሁለት ቀን ዝቃጩ ታየኝ፣ የደረቀው ራስ፣
የወይዘሮ ሄርሚና ፊት፤ ዋጋውን ሳሰላ፣ መልሼ ሳፈርስ።

ሰኞ ንጋት ደረስኩ። ደረጃው ጨለማ።
ከሦስተኛው ፎቅ የወንበር ሲጥሲጥታ ተሰማ።
ሉድቪና ናት። ዓርብ ልትወለውል መጥታ አልሄደችም።
የነጩ ከረጢት ጭኗ ላይ ነው፤ ትገለብጠዋለች፣ አትቸኩልም፤
ከዚያ ቱቦውን በሁለት ጣት ጨምቃ እያሻገረች
እንደ መቁጠሪያ ትወስደዋለች፣ ትመልሰዋለች።
ከማተሚያው ራስ ሥር እርጥብ ጨርቅ አንጥፋለች።

«ማን አስተማረሽ?» አልኳት።
«ማንም። ስትሳደብ እሰማ የለ?
‹አንተ ነጭ፣ አትርጋ!› እያልክ። በአሥራ ሁለት ዓመት ስድብ ያልተማረ ማን አለ?»

ስንት ሰዓት ተኛሽ አላልኩም።
ጥፍሮቿ ሥር ነጭ ገብቷል።
መብራት ሲመጣ ፓምፑ አሳለ፣ አቃሰተ፣ ተነሣ።
ሙከራ አተምኩ፤ አምስት ቀዳዳ ጎደለ። ከሺው አምስት።
ሦስቴ አጠብኩ፤ እምቢ አሉ። ተውኳቸው።

መዘምራኑ ለብሰው ቆሙ፤ በየደረታቸው ቀይ ትራም፣
መሐሏን ያቋረጠች እንደ ፀጉር የቀጠነች ጥቁር መስመር፤ ከኔ በቀር ያያት የለም
ብዬ ነበር።

ለካ ሉድቪናም አይታታለች።
«እሷ፣» አለችኝ፣ በጣቷ እያሳየች፣
«እንቅልፍ የወሰደኝ ጊዜ ናት። ለእሷ አትክፈሉኝ።
የቀረው ግን እሑድ ነው፤ የእሑድ ሒሳብ እጥፍ ነው።»
ባልዲዋን አነሣች።