ታኮ

ሞተሩ ጠፋ። ኮምቦልቻ አየር ማረፊያ ድንገት ጸጥታ ወረደ፤
አውሮፕላኑ ግን አልቆመም፣ በገዛ ጎማው ወደ እኔ ተራመደ።

የጆሮ መድፈኛዬን አወለቅሁ። ዐሥራ ስድስት ዓመት ሙሉ
እዚህ ስቆም ስመልስ፣ ጩኸት ነበር የአውሮፕላን ቃሉ።
ዛሬ የጎማውን ድምፅ ሰማሁ፣ ጭርርር ሲል እንደ እርጥብ ቆዳ፤
ቆቅም ስትጮህ ሰማሁ፣ ከአጥሩ ማዶ፣ ከቦርከና ወዲህ ከሜዳ።

"የሙከራ ነው" ብለውናል፤ ጎማው ውስጥ ሞተር አለው፣
ነዳጅ ሳያቃጥል መሬት ለመሬት የሚነዳው።
ኢንጂነሩ፣ ያ ቀጭኑ ልጅ፣ ሻይ ቤት ቁጭ ብሎ ሲያስረዳኝ፣
"ሲሄድ ከባትሪው ይበላል፣ ሲገታ መልሶ ያጎርሳል" አለኝ፤
"ያው ሞተር ነው የሚገፋው፣ ያው ሞተር ነው የሚይዘው፤
ፍሬኑ መጨረሻ ላይ ነው፣ ለመሰናበቻ ነው የሚነካው።"

ሳቅሁ። ይህንንማ አውቀዋለሁ፤
ሐረጎ ላይ ነው የተማርሁት፣ የትሬንታ ኳትሮ ረዳት ሳለሁ፣
ታኮዬን እንደ ሕፃን ታቅፌ፣ ከጭነቱ ጫፍ ተንጠልጥዬ፣
ጋሼ ይማም ሲያወርዳት በሁለተኛ ማርሽ፣ "ቀስ በይ እናትዬ"።
"አቀበቱን መኪናዋ ትወጣዋለች" ይል ነበር፣
"ቁልቁለቱን ግን ሰው ነው የሚወርደው፤ ፍሬን ላይ አትደር።
ፍሬን ላይ ያደረ ጎማ ይሸታል፤ የሸተተ ጎማ ይከዳል፤
ማርሽ ግን ደግ ጎረቤት ነው፣ ሳትጠራው ይይዝሃል።"

አንድ ቀን ግን፣ ቆማ ሳለች፣ ጋሼ ይማም ወርዶ ውሃ ሲቀዳ፣
ዝናብ ነበር። ታኮው በእጄ ነበር። ወሬ ይዤ ነበር ከአንድ እንግዳ።
ሦስት እርምጃ ብቻ ነው የዘገየሁት።
ሃምሳ ኩንታል ማሽላ ገደል ሲገባ ቆሜ አየሁት።

ሰው አልሞተም፣ አልሐምዱሊላህ። ጋሼ ይማም ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ
መሪ አልጨበጠም። "አብሽር" አለኝ፤ ቃሉ አለ ከጆሮዬ አድሮ።

እንግዲህ ይህ ነጭ አካል በዝምታ ሲመጣብኝ፣
እጄ ላይ ያለው የብርሃን ዱላ እንደ ታኮ ከበደኝ።
ካፒቴን ሐዋ ተሰማ ናት መስኮቱ ላይ፤ የደሴ ልጅ፣ የፒያሳ፤
ዓይኗ እጄን ይከተላል፣ የሷ እጅ መያዣው ላይ ነው፣ ሳይበረታ ሳይሳሳ።
"ነይ፣ ነይ" አልኋት በዱላዬ፤ ቢጫው መስመር እንደ ክር
አፍንጫውን ይዞ እየሳበው፣ በሰው እርምጃ ሲሽከረከር።

ሌሊቱን ዘንቦ ነበር። ግራው ጎማ ከረጠበው ቀለም ላይ ወጣና
መሬት አጥቶ እንደ እንዝርት ዞረ፤ አፍንጫው ሸሸ ከቢጫው ጎዳና።
አንድ ክንድ። ከዚያ አይበልጥም። እግሬ ግን ሮጠ በሐሳቤ፤
ታኮው አጠገቤ ነው፤ ዝናብ ነው፤ ሐረጎ ነው፤ ማሽላው ፈሰሰ በልቤ።

ከሚዞር ጎማ ፊት የሚሮጥ ወይ ሞኝ ነው ወይ ሟች፤
ቆምሁ። ዱላዎቼን ብቻ አነሳሁ፣ ክንዴን ሽቅብ፣ ዓይኔን ወደ ታች።

ያኔ ያ ሞተር ግራውን ለቀቅ አደረገው፣ ቀኙን ገታ፣
ማንም ፍሬን ሳይረግጥ፣ እንደ ሁለተኛ ማርሽ፣ በቀስታ፤
ግራው መሬቱን ዳሰሰ፣ ያዘ፤ አፍንጫውም ተመለሰ ወደ ቦታው።
ማሽኑ ይሁን የሷ እጅ እንጃ፤ ሁለቱም ይሆናሉ፣ ጌታው።

ዱላዎቼን አጣመርሁ።
ቆመ። ከመስመሩ አንድ ስንዝር ቀርቶት፣
ውስጡ ውሃ የያዘ ሰው ቢኖር፣ ጠብታ ሳይደፋበት።

ጎንበስ ብዬ ጎማውን ነካሁ፤ ለብ ብሏል እንጂ አልሸተተም።
ቢሆንም ታኮዬን አመጣሁ፣ ከፊት አንድ፣ ከኋላ አንድ፣ በእግሬ ገፍቼ አጥብቄ።

ካፒቴን ሐዋ ወርዳ አየችኝና ሳቀች፦
"ሞተሩም ይዞታል፣ ፍሬኑም ይዞታል፤ ለማን ነው ታዲያ ይሄ
ሁሉ ታኮ፣ ጋሽ ሙሄ?"

ወደ ሐረጎ አየሁ። ጭጋጉ ገና ከትከሻው አልወረደም።
አንድ የጭነት መኪና ቁልቁል ይመጣል፤ ማርሽ ሲቀንስ ይሰማል፤
ድሮ እዚህ ቆሜ ይህ ድምፅ አይሰማኝም።

"ለዘገየሁት ሦስት እርምጃ ነው" አልኋት።
አልገባትም።
"አብሽር" ብላኝ ሄደች።