በእርሳስ የተጻፈ ፐርሰንት

ጥቅምት ነው፤ የሴንት ጆንስን ወደብ ጉም ውጦታል፣
የመርከብ ጥሩምባ ብቻ ከሆዱ ውስጥ ይሰማል።
ኬዛያ ቲዛርድ ገባች፣ ኮቷ በካፊያ የራሰ፣
ፎልደሯ በብብቷ፣ ጠርዙ በጣት ብዛት የፈረሰ።
ከግሬይ ኮቭ አምስት ሰዓት በአውቶቡስ ነው የመጣችው፤
እንቅልፍ ካለ፣ መስኮት ተደግፋ የሸራረፈችው።

“ዕድሌ ስንት ነው?” አለች፣ ገና ወንበር ሳትስብ፣
“ማባበሉን ተወው፤ ቁጥር ነው የምፈልገው፣ ቁጥር አስብ።”

አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ይህን ጥያቄ መልሻለሁ፤
ልጆች እንደ ዓሣ ሲመዘኑ በዚህ ጠረጴዛ አይቻለሁ።
አንዳንዱ ከብዶ ይገባል፣ አንዳንዱ ቀሎ ይጣላል፤
ሚዛኑ ግን ዓሣው የዋኘውን ባሕር የት ያውቃል?

መነጽሬን ሰካሁ፣ እርሳሴን ቀረጽኩ፣
ማስረጃዋን ከላይ እስከ ታች አነበብኩ።
አማካይ፦ ሦስት ነጥብ ስድስት። ጥሩ ነው፤ ግን ጥሩ አይበቃም።
የሁለተኛ ዓመት ኬሚስትሪ፦ ሲ። ሲ ደግሞ ከዓይን አይጠፋም።
“ይህቺ ምንድን ናት?” አልኳት፣ ጣቴን እላይዋ አሳርፌ።
“አባቴ የታመመ ሰሞን ነው” አለች። ዝም አልኩ፣ ገጹን አጥፌ።

የመግቢያ ፈተና፦ ሁለቴ ተቀምጣለች፤
በመጀመሪያው ወደቀች፣ በሁለተኛው ተንፏቀቀች፣
ካምናው አራት ነጥብ ጨመረች፣ ከሚፈለገው ሦስት ጎደለች።
ምርምር፦ አንድ ክረምት፣ የሸርጣን ደም ሴል ስትቆጥር።
የድጋፍ ደብዳቤ፦ ሦስት፤ አንዱ የቄሱ፣ “ደግ ልጅ ናት” ከማለት በቀር
ምንም የለውም።
የበጎ ፈቃድ ሰዓት የሚለው ሳጥን፦ ዜሮ።
“ዜሮ?” አልኩ፤ ቃሉ ከአፌ ወጣ፣ እንደ ጠጠር ተወርውሮ።

“ጊዜ አልነበረኝም” አለች፤ “ማታ ማታ እሠራለሁ፣
በአረጋውያን ማቆያ፤ ሽንት ጨርቅ እቀይራለሁ፣
ጥርሳቸውን ከብርጭቆ አውጥቼ አጥባለሁ።
ሚስተር ፓርዲ አሉ፣ ዘጠና አራት ዓመታቸው፤ ሌሊት አሥር ሰዓት ይነቁና
‘መረቡ ወጣ ወይ?’ ይሉኛል። ‘ወጥቷል፣ ሞልቷል’ እላቸዋለሁ።
ግን ይከፈለኝ ስለነበር፣ የሚቆጠር አልመሰለኝም።”

እዚህ ላይ እርሳሴ ቆመ።

ስንቱን አይቻለሁ እዚህ ወንበር ላይ፣ አባቱ ሐኪም፣ እናቱ ሐኪም፣
ሁለት ሳምንት ሩቅ አገር ከርሞ፣ ሕፃን አቅፎ ፎቶ ተነሥቶ፣
“መቶ ሃያ ሰዓት” ብሎ ሳጥኑን በሚያምር ጽሕፈት ሞልቶ።
እሷ አራት ዓመት ሌሊቱን አነጋች፤ ለካ አልቆጠረችም፣
የሚቆጠር መሆኑን የነገራት ሰው አልነበረም።

“ጻፊው” አልኳት። “ሁሉንም?” “ሁሉንም። የሚስተር ፓርዲን መረብ ሳይቀር።”
ፈገግ አለች፤ ግን አልተነሣችም። የመጣችበት ነገር ነበር፦
“ቁጥሩስ?”

“ሃያ ሁለት” አልኩ። “ከመቶ ሃያ ሁለት።”
ይህን ስል መስኮቱን እንጂ እሷን አላየሁም ፊት ለፊት።

“ለአንተስ ስንት አሉህ?” አለች፣ ዓይኗ ግድግዳው ላይ ሄዶ፣
የባዮሎጂ ዲግሪዬ ብቻውን ባለበት፣ ባንድ ምስማር ታግዶ።
“ሰባ” አልኳት። እውነቴን ነው። ሰባ ነበር ያሉኝ፤
ሁለት ጊዜ አመለከትኩ፣ ሁለት ጊዜ መለሱኝ።

ምንም አላለችም። ኮቷን ቆለፈች፣ ወረቀቷን ሰበሰበች፣
እርሳሴንም፣ አውቃ ይሁን ሳታውቅ፣ አብራ ወሰደች።

መሳቢያዬ ውስጥ ደብተር አለ፤ የሁሉም ስም፣ የሁሉም ፐርሰንት፣
አጠገቡ ቀይ ምልክት፦ ገባ፣ አልገባም፣ ተወው በዚያው ዓመት።
ልክ የሆንኩበትን ብቆጥር ግማሽ እንኳ አይሞላም፤
ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም።

ስሟን በእስክሪብቶ ጻፍኩ፣ እርሳሱ እሷ ዘንድ ነውና፤
ቁጥሩ ላይ ስደርስ እጄ ቆመ፤ እስክሪብቶ አይጠፋምና።
በሩ ተንኳኳ። ቀጣዩ ልጅ ነው፣ ጫማው የሚያብረቀርቅ።
“ግባ” አልኩት። ጉሙ እንዳለ ነው፤ ወደቡ ቅርብ ይሁን ሩቅ፣ አያሳውቅ።