ስንት ማንኪያ

ኩዌት፣ ከሳልሚያ ጀርባ፣ ከኮያ ሱቅ ደጅ ላይ፣
ፈዋዝ የቺፕሱን ላስቲክ በጥርሱ ሲቀድ ሳይ፣
ጣቱ ብርቱካን ነው፣ ምላሱ ደግሞ ሰማይ።
ስድስት ዓመቱ ነው። እናቱ ባንክ ውላ ትመጣለች ማታ፣
ያን ቀለም ከጣቱ እኔ ነኝ የማሸው፣ በሳሙና፣ በእርጋታ።
ጣቱ ይለቃል። የሸሚዙ እጅጌ ግን አልለቅም ብሎ ቀረ፣
"ጨርቁን እንዲህ ካረገ አንጀቱንስ?" ብሎ ልቤ ተጠራጠረ።

ዓረብኛ ፊደል ማን ቁጭ አርጎ አስተማረኝ?
ከላስቲኩ ጀርባ ያለ ደቃቅ ጽሑፍ ነው ያስቆጠረኝ።
ስኳር። ጨው። የፓልም ዘይት። እስከዚያ ድረስ ስም አለው፤
ከዚያ ወዲያ ግን ቁጥር ነው፣ እንደ ኢቃማዬ የተደረደረው፦
መቶ ሁለት።
መቶ ሠላሳ ሦስት።
ሁለት መቶ አሥራ አንድ።

የላይኛው ፎቅ ሠራተኛ፣ የአጋሮዋ ሲትራ፣
ቆሻሻ ልንጥል ደረጃ ላይ ስንገናኝ ነገረችኝ ተራ በተራ፦
"ይሄ ነቀርሳ ነው፣ ይሄ የአሳማ ስብ፣ ይሄ ማህፀን ያደርቃል።"
ማን ነገረሽ ስላት፣ "ማነው እሱ የማያውቅ? ሰው ሁሉ ያውቃል!"
በዚያች ሌሊት ቁጥር ሁሉ ጅብ ሆኖ ሲዞረኝ አደረ።
ጠዋት ጓዳውን ጠራረግሁት፣ የሎሚውን ጭማቂ ሳይቀር ደፋሁ።
ማዳም፣ "ምን ነካሽ?" አለች። ምን እንደነካኝ መች አወቅሁ።

ከፎቁ ሥር ያለው ግብፃዊ፣ የመድኃኒት ቤቱ ሰው፣
ሦስት መቶ ሠላሳን መድፋቴን ስነግረው ሳቁ አላስቆም አለው፦
"እሱማ የሎሚ ኮምጣጣ ነው፣ ዓሣ ላይ የምትጨምቂው።
ሦስት መቶም ቪታሚን ነው፣ ማዳምሽ በዲናር የምትገዛው።
ስንት ነው? በቀን ስንቴ? ለስንት ኪሎ ገላ?
እሱን ነው መጠየቅ" አለኝ። "ቁጥርማ ስም ነው፣ ምንም የለው ሌላ።"

ይሄንንማ አውቀው ነበር! አጎቴ ዑመር ኮሶ ሲጠጣ
በቅል ለክቶ ነበር፤ ጎረቤታችን ግን ያለ ልክ ጨልጦ በቃሬዛ ወጣ።
ኮሶ በልኩ ትል ያወጣል፤
ልኩን ካለፈ ነፍስ ያወጣል።

ቁጭ ብዬ ቆጠርኩ። ሦስት ላስቲክ፣ ሁለት ጠርሙስ፣ በቀን።
ልጁ ከነጫማው ተመዝኖ ሃያ ኪሎ አይሞላም እንኳን።
ሌሊት አልጋው ላይ የሚያዘልለው ቀለሙ ይሁን ወይስ ታብሌቱ፣
ወይስ ቤት የማይመጣ አባቱ፣
እኔ እንጃ።
ደግሞ ሳስበው፣ በረኪናውን በቀን ሁለቴ የምምገው፣
የሌሊቱን አራት ሰዓት እንቅልፌን፣ ማን ነው በኪሎዬ የሰፈረው?

ለማዳም፣ "መርዝ ነው አላልኩም" አልኳት፣ "ሦስት ብዙ ነው አልኩ እንጂ።"
"መቼ ነው ሐኪም የሆንሽው?" አለች። ብቻ፣ ሐሙስ ሐሙስ አንድ ሆነ።
ፈዋዝ ሦስት ቀን አለቀሰ፤ በአራተኛው ነከሰኝ፤ ከዚያ ተምር ለመነ።

የዚያን ወር ወደ ባቲ የሚላክ ካርቶን ስሞላ፣
ለሉባባ ጫማ፣ ቦርሳ፣ ደግሞም ያን ሁለት ኪሎ የብርቱካን ዱቄት ከሁሉ በኋላ፣
ቆርቆሮውን እጄ ራሱ ገለበጠው።
መቶ ሁለት።
አምስት ዓመት ሙሉ ልኬዋለሁ፣ አንድም ቀን ጀርባውን ሳላነበው።

ደወልኩ። "ሉባባ፣ በቀን ስንት ማንኪያ ነው የምትበጠብጪው?"
"በቀን?" አለች ልጄ፣ ስቃ።
"አንድ ነው፣ ዓርብ ዓርብ ብቻ፤ እስክትመጪ እንዲደርስ ነው የማብቃቃው።"

እንግዲህ በሰውየው ሕግ ልክ ነው። አንድ ማንኪያ፣ በሳምንት። ምን ይነካታል?
ግን ከቆርቆሮው ሥር የሚያበቃበት ቀን ታትሟል፤
ከእኔ ውል በአራት ወር ይቀድማል።

ሳሎን ውስጥ ፈዋዝ የተምር ፍሬ ይተፋል።
"ጠጪው" አልኳት።
"ሁለት አርጊው።"