የሐረጎ ስሌት

መብራት ጠፍቷል ኮምቦልቻ። በስልኬ ብርሃን ጎንበስ ብዬ
አንድ መልመጃ ላይ ነኝ፣ ሦስት ሌሊት ሙሉ ተቸክዬ፦
«ምድርን የሚዞር ብረት፣ የሞተ ሳተላይት፣ የሮኬት ስባሪ፣
በዓመት ስንት ጊዜ ይጋጫል?» ይላል አስተማሪ።

እፍጋቱን ውሰድ፣
በስፋቱ አባዛ፣
በፍጥነቱ አባዛ።
ብዛቱ እጥፍ ሲሆን ግጭቱ አራት እጥፍ በዛ።

ፍጥነቱ አልታይ ቢለኝ በመንገዳችን ለካሁት፤
ከደሴ ፒያሳ ተነስቶ፣ ሐረጎን ወርዶ፣ እኛ ሰፈር ለመድረስ
ሁለት ሰከንድ ተኩል ነው፤
ሰው «ቢስ» ብሎ «ሚላ» ሳይጨርስ።

አባቴ ይማም ይህንኑ ዳገት
በአሮጌ ኤንትሬ፣ ከነተሳቢው፣ ብረት ጭኖ
አንድ ሰዓት ይፈጅበታል።
ጭጋጉ ከጦሳ ሲወርድ
ኩርባው ላይ ክላክሱን ያስጮኻል፤
ረዳቱ ኑርዬ በሩ ላይ ተንጠልጥሎ፣ ድንጋይ ታቅፎ፣
ፍሬን የከዳ ለት ታኮ ሊያደርገው።

«አባ፣ ስንቴ ተጋጭተሃል?» አልኩት አንድ ቀን።
«ማን ቆጥሮት» አለ። ከዚያ ቆጠረው።
አንዴ ከጨው ጫኝ፣ አንዴ ከቆመ ጋሪ፤
ሦስተኛው ላይ ሲደርስ
ኪሱን ዳበሰ፣ ሲጋራ ፍለጋ።
ሲጋራ ካቆመ ስድስት ዓመቱ ነው።

ስሌቱን ለሱ ሠራሁለት፤
ሠላሳ ዓመት፣ በሳምንት ሁለቴ፣
የአስፋልቱ ስፋት፣ የመኪናው ብዛት።
ወጣ፦ ሁለት ነጥብ ዘጠኝ።
«በአማካይ» አልኩት፣ ደስ ብሎኝ።
«ይኼ በአማካይ የምትዪው ማን ነው?
ሠላሳ ዓመት ስመላለስ
ሐረጎ ላይ አግኝቼው አላውቅም።»

ሰማይ ላይ ክላክስ የለም።
ቀድሞ ዘሎ የሚወርድ ኑርዬ የለም።
አንዲት የተፈታች ብሎን፣ አንዲት የቀለም ቅርፊት
ያለ ታኮ ትዞራለች፤
ብትጋጭም አታልቅም፣ ትበዛለች፤
የስብርባሪ ልጅ ሰባሪ።

ስልኬ ሊዘጋ ሲል ጣራው ላይ ወጣሁ።
ከሐረጎ መብራት ይወርዳል፤
ኩርባው ይውጣቸዋል፣ ቆይቶ ይተፋቸዋል።
አንድ። ሁለት። ሦስት። አራት።
ከበላያቸው አንዲት ነጥብ፣ ሳትርገበገብ፣
ከጦሳ ወደ ቦርከና ዝም ብላ አለፈች።

አምስተኛው ኩርባው ውስጥ ገባ።

መልሱን አውቀዋለሁ፤ ደብተሬ ላይ ግን አልጻፍኩትም።
ኩርባውን እያየሁ ነው።