ግማሽ ሳንቲም

ቀን በሱቅ ባንኮኒ ደረሰኝ እቆርጣለሁ፣
ሌሊት ደወል ሲጮህ ቧንቧ እጎትታለሁ።
ድራይ ፎርክ ይሏታል፣ ሚዙሪ ነው ምድሩ፤
አውራ ጎዳናው ነው ጌጡም ድንበሩም ዳሩ።
ስምንት በጎ ፈቃደኞች፣ አንዲት አሮጌ መኪና፣
ዕድሜዋ ከኔ የሚልቅ፣ ታንከሯ የሚያነባና
እሳቱ ጋ ሳትደርስ ውሃዋን ከፍላ የምትጨርስ፣
ለመንገዱ ግብር ይመስል፣ ጠብ ጠብ እያለ ሲፈስ።

የካቲት ላይ የሃስኬል ጎተራ ሲነድ ደረስን፤
ቧንቧው ሦስቴ አስሎ ዝም አለ፤ በአካፋ በረዶ በተንን።
ላሞቹ ወጡ፤ ጎተራው ግን እስከ ንጋት ነደደ።
በማግስቱ ሃስኬል ሱቅ መጥቶ፣ ፊቴን ሳያይ ዳቦ ገዝቶ ሄደ።

ማክሰኞ ማታ ነው። መኪናዋን ደጅ አውጥተን፣
ዘይት ባንጠባጠበችበት ወንበር ደርድረን ተቀምጠን፣
ኦርላ ፊች ቀድማ ተነሳች፣ ሰባ ስምንት ዓመቷ፣
የግብር ወረቀቱን ጫፍ ስታጥፍ ስትፈታ፦
«ባሌ የሠራው ቤት ነው፤ አንድ ሚስማር አልጨመርኩም።
ሐይቁ ዳር ሀብታም ሰፈረ፣ ገማቹ እኔንም አልማረኝም።
ቤቴ ተቀምጦ ሳለ ዋጋው ሽቅብ ጋለበ፤
እሱ በወረቀት ጠገበ፣ የኔ ሆድ ግን ተራበ።»

ሰብሳቢው ኬርሚት ሃውስ ጉሮሮውን ጠረገና፦
«የቤቱን ግብር እናቅልል፤ ከሽያጩ ይምጣ» አለና፣
«ከአንድ ዶላር ግማሽ ሳንቲም፤ ለመንገደኛ ምን ጣጣው?
አምና በበረዶ ተገልብጦ፣ ቆርቆሮ ቀደን ስናወጣው፣
ስንቱ ነው ካመሰገነን ወዲያ ሂሳብ ሊጠይቅ የመጣው?»

ሬኔት ከኋላ ተነሳች፣ ልጇ ትከሻዋ ላይ ተኝቷል፤
«እኔ» አለች «ቤት የለኝም፤ ተጎታቹም ኪራይ ይበላል።
ዳይፐር በገዛሁ ቁጥር የሐይቁን ቪላ ልደግፍ?
ደሃ ያገኘውን ሁሉ ባንኮኒ ላይ ነው የሚያራግፍ፤
ባለ ቪላው ግን ያስተኛዋል፣ ባንክ ውስጥ፣ ግብር ሳይነካው እንዲያልፍ።»

«ለአንድ ሰው ሸክም የሆነው ለሃምሳ ጌጥ ነው» አለ አንዱ፤
«የሃምሳው ትከሻ እኩል ነው?» አለች። የመለሰላት የለም አንዱ።
ኦርላ ወደ ኋላ ዞረች፤ ልትቆጣ መስሎኝ ነበር፤
«ልጁ ከብዶሻል» አለቻት፤ ገፋችላት አንድ ወንበር።

ሊዮታ፣ ገንዘብ ያዥዋ፣ ዓይኗን ከመዝገቡ ሳትነቅለው፦
«ቤት የትም አይሸሽም» አለች፣ «ገበያ ግን እግር አለው፤
ይህ ሱቅ አንድ ክረምት ቢዘጋ፣ እሳቱን በምን ልንመክተው?»
እኔ፣ የሱቁ ሠራተኛ፣ ጫማዬን ሳይ ቆየሁ።

በዘጠኝ ድምፅ አለፈ። የኔ የት እንደሆነ አልናገርም፤
ሁለቱንም አስተናግዳለሁ፣ ማክሰኞም ሐሙስም።

መጸው ገባ፣ ሕጉ ጀመረ። አንድ የከባድ መኪና ሹፌር
ደረሰኙን ገልብጦ አየ፤ «ይህቺ ደግሞ ለምን ነገር?»
«ለእሳት ናት።» «ለየቱ እሳት?» አለኝ፣ ሳቀና።
«ገና ላልተነሳው።» ወጣ፣ አንገቱን ነቀነቀና፣
መልሱን ሳይቆጥር።

ከሱ ኋላ ሬኔት ነበረች፤ ዳይፐር፣ የሳል ሽሮፕ፣ ዳቦ።
ጭማሪው ዘጠኝ ሳንቲም ነው።
ቆጠርኩት። እሷም ቆጠረችው።
ሁለታችንም ዝም አልን፤ ማሽኑ ወረቀቱን ተፋው፤
አጥፋ ኪሷ ከተተችው።

አሁን ኅዳር ነው፣ ሌሊት፤ ደወሉ ከአልጋ አነሳን፤
የአዲሷ መኪና ገንዘብ ገና ነው፣ በጋ ነው የሚደርሰን።
ያቺው አሮጌ እየነባች፣ ዳገቱን እያቃሰተች፣
በብርዱ አስፋልት ላይ፣ ከኋላችን፣ አንድ ቀጭን መስመር ጻፈች።
የኦርላ ነው? የሬኔት? የሹፌሩ ጠብታ?
ሳላነበው በረዶ ሠራ፤ ጭሱ ግን ከፊት ለፊታችን ወጣ።